ምንጭ የሌለው ተራራ

«ኳ... ኳ... ኳ...»

ድንጋዩ ከላይ ተነሥቶ እየተላተመ ወረደና ከመክብብ በስተግራ አልፎ ዝም አለ። በጭጋጉ ውስጥ ምንም አይታይም።

«ተሼ! አለህ?»

«አለሁ! ይኼ ድንጋያችሁ ግን አይታመንም፤ ስትረግጠው እንደ ቆሎ ይበተናል!»

ከድምፁ ኋላ ተሻገር ራሱ ብቅ አለ፤ ጋቢ ተከናንቦ ላቡ ይንጠባጠባል። መክብብ ሳቁ አመለጠው።

«የዓደን ጥር ጋቢ አያስለብስም ብዬህ ነበር።»

«ተራራ ነው ስትለኝ ይበርዳል ብዬ ነዋ! በእኛ አገር ጥር ላይ ተራራ ጫፍ ብትቆም ጥርስህ ይንገጫገጫል።»

ተሻገር ከወሎ ገጠር የመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። የመን፣ ዓደን ከተማ፣ ክሬተር በሚባለው ሰፈር ከመክብብ አባት ሱቅ ፊት መኪና እያጠበ ወደ ሳዑዲ የሚሻገርበትን ቀን ይጠብቃል፤ ደላላው «እሑድ ትነሣላችሁ» ብሎታል። መክብብ ደግሞ ዓደን ተወልዶ ያደገ፣ አገሩን በአባቱ ወሬ ብቻ የሚያውቅ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ጣጣ ያመጣበትም ይኸው ወሬ ነው። አባቱ «ሰማዩ ሲጠራ ከሸምሳን ተራራ ጫፍ አገራችን ይታያል» ይላል። መክብብ ወጥቶ ሳያውቅ ክፍል ውስጥ «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጉራውን ነዛ።

«ካዛብ! ውሸታም!» አለው ጓደኛው ጃፋር። «ፎቶ አምጣ፤ አለዚያ ክፍሉ ፊት ቆመህ ዋሸሁ ትላለህ።»

ለዚህ ነው ዛሬ የወጡት። ተሻገር «መንገዱ ይዞራል፤ በጀርባው እንቁረጥ» ስላለ ከመንገድ ወጥተው ጥቁሩን አለት ይቧጥጣሉ።

«ውሃውን ስጠኝማ» አለ መክብብ።

ተሻገር አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ግማሿ ተጠጥቷል።

«ሌላውስ?»

«ሌላ ምን ያደርጋል? ምንጩ ጋ ስንደርስ እንሞላታለን።»

«የምን ምንጭ?»

«የተራራው ነዋ!»

«ተሼ፣ ሸምሳን ምንጭ የለውም። ዝናብ ራሱ በዓመት አንዴ ከመጣ ዕልል ነው።»

ተሻገር አልሳቀም። አለቱን በመዳፉ ዳሰሰው። «ምንጭ የሌለው ተራራ?» አለ ቀስ ብሎ።

አንድ አንድ ጉንጭ ተጎንጭተው ቀጠሉ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ ተገፈፈ። የክሬተር ቤቶች ከእግራቸው ሥር ተደራርበዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ። ባሕሩ ከሰማይ ጋር በተጋጠመበት ግን ሰማያዊ፣ ወጣ ገባ ያለ መስመር ይታያል። የመክብብ ልብ ዘለለች።

«አየኸው? አገራችን!»

ተሻገር ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ደመና ነው የኔ ወንድም። ልብ ብለህ እየው፤ እየሄደ ነው።»

መክብብ ስልኩን አውጥቶ አነሣው። ፎቶው ላይ ደመናው አይሄድም። ቁርጥ ተራራ ይመስላል! ጃፋር ቢያየው አፉን ይይዛል።

ተሻገር ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ ሰሜን ዞሯል። «የሳዑዲ መንገድ በየት ነው?»

መክብብ በጣቱ አሳየው። ከሼኽ ዑስማን ሰፈር ቤቶች ወዲያ የቢር ፈድል መንደር እርሻዎች አረንጓዴ ጭረት መስለው ይታያሉ። ከእነሱ በኋላ የሚያዩት ሁሉ አሸዋ ነው።

«በመኪና ነው የምትሄዱት?»

«ግማሹን። ሌላውን በእግር።»

«ውሃስ?»

«ደላላው መንገዱ ላይ ምንጭ አለ...» ተሻገር ቃሉን ሳይጨርስ በእጁ የያዛትን ጠርሙስ አየ።

መክብብ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ደመናው ተበታትኗል። ፎቶውን አንድ ጊዜ አይቶ አጠፋው፤ ባዶውን ባሕር አነሣና ከሥሩ «ዋሽቼ ነበር። ዛሬ ግን የምሬን ወጥቻለሁ፤ ምንም አይታይም» ብሎ ለጃፋር ላከው።

ቀና ሲል ተሻገር ቆሟል። ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣለ፤ አንድ ጉንጭ የቀራትን ጠርሙስ ከመክብብ እግር አጠገብ አስቀመጠ።

«ተሼ? ወዴት ነው?»

«ደላላው ጋ። ምንጩ የት እንዳለ ይንገረኝ፤ ካልነገረኝ እሑድ አልነሣም።» በዚህ በኩል እስከ ሰፈራቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየውን መንገድ ይዞ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ቁልቁል ወረደ።