ሌባ ጣት

«እጅሽን አውርጂ!»

ገሊላ አላወረደችም። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ነበረች። በመግነጢስ ሁለት ዋልታዎች መሃል አንድ ሽቦ ተስሏል፤ ከረንቱ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፤ ሽቦው ወዴት ይገፋል? የግራ እጇን ሦስት ጣቶች ዘርግታ አንጓዋን እያዟዟረች ነበር። መልሱ ላይ ልትደርስ ትንሽ ነበር የቀራት።

«አንቺን እኮ ነው!» ፈታኙ መምህር ደረጀ በዴስኮቹ መሃል መጡ። የታሪክ አስተማሪ ናቸው። «ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው?»

«ለማንም። ሞተር ስለሆነ በግራ እጅ ነው የሚሠራው፣ ቲቸር። ጄኔሬተር ቢሆን በቀኝ ነበር። አውራ ጣት ግፊቱ፣ መሃል ጣት ከረንቱ፣ ሌባ ጣት መግነጢሱ...»

«ስሙንም ራስሽ ጠራሽው፤ ሌባ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኗ ባለው ረድፍ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሳዳ ብቻ ወደ ገሊላ እጅ ቀና እንዳለች አልሳቀችም። መምህር ደረጀ ይህንንም ልብ አሉ። የሁለቱንም ወረቀት ሰብስበው ወደ ቢሮ ነዷቸው።

ከቢሮው በር ላይ እሳቸው ቀድመው ሲገቡ፣ ሳዳ የገሊላን ክንድ ያዘች።

«ወላሂ አይቼሽ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ግራ ይሁን ቀኝ ጠፋብኝ። ቀና ስል እጅሽ ፊቴ ተገትሯል። ምን ላድርግ?»

ገሊላ ክንዷን አስለቀቀች። እዚህ እስክትደርስ በመምህር ደረጀ ብቻ ነበር የተናደደችው፤ አሁን ንዴቷን ለማን እንደምታካፍል ግራ ገባት።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ አስቴር ነገሩን ሰሙና አንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጽፈው አዞሩላቸው። «በጣት ምልክት መልስ ተቀባብለናል» ይላል።

«ፈርሙ። ከፈረማችሁ ግማሽ ውጤት ይሰጣችኋል። እምቢ ካላችሁ ዜሮ ነው፤ ወላጅም ይጠራል።»

ሳዳ እስክሪብቶውን አነሳች። ገሊላ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ያላደረግኩትን አልፈርምም።»

«የኔ ልጅ፣ በቀላሉ እንጨርሰው።»

«የፊዚክስ መምህራችን ይጠየቁ።»

«ድሬ ጠያራ ወረዳ ተማሪዎች ሊፈትኑ ሄደዋል። ነገ ነው የሚመለሱት።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሞክሩት» አለች ገሊላ። የራሷ ድፍረት ራሷንም ገረማት። «ሌባ ጣትዎን ወደ ቀኝ፣ መሃል ጣትዎን ወደ ጠረጴዛው።»

ወይዘሮ አስቴር እንደ መሳቅ ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ወደ መምህር ደረጀ ዞረ።

«አሁን ደግሞ በግራዎ።»

አውራ ጣታቸው ወደ ራሳቸው ደረት ተመለሰ። ሴትዮዋ ሁለቱን እጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ።

«አዩ፣ እጁ ሲቀየር መልሱ ይገለበጣል። ታዲያ እጄን ሳላነሳ በምን ልሥራው?»

«ይሁን» አሉ መምህር ደረጀ። «ይቺስ ምን ልታይ ቀና አለች?»

ሁሉም ወደ ሳዳ ዞሩ። ላጲስ ልትጠይቀኝ ነው የሚል ውሸት ገሊላ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ባዶ ወረቀት ይስጡኝ» አለች። «የሆነውን እኔው እጽፋለሁ።»

ወይዘሮ አስቴር ጥቂት አሰቡና ሰጧት። ገሊላ መጻፍ ስትጀምር ሳዳ ጠጋ አለች።

«ስለ እኔ ምን ልትጽፊ ነው?»

«ምንም። የራሴን ነው የምጽፈው። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሳዳ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ስትጠመዝዝ ቆየች። ውጭ ባጃጆች ወደ ሸዋ በር እየተንጫጩ ያልፋሉ። በመጨረሻ «ለእኔም ወረቀት ይስጡኝ» አለች። ከአንድ መስመር በላይ አልጻፈችም፦ «እኔ አይቻለሁ፤ እሷ ግን አላሳየችኝም።»

ወይዘሮ አስቴር ሁለቱንም አነበቡ። ሳዳን ቀና ብለው አዩዋት።

«አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ይሰረዝብሻል።»

«እሺ» አለች ሳዳ።

«በሉ፣ ፈተናችሁን ጨርሱ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ።»

ሳዳ የፈተና ወረቀቷን ይዛ ወጣች። መምህር ደረጀም በሩን ከፍተው ገሊላን ይጠብቋት ጀመር። እሷ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። አባቷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሳይመዘገብ የተቀመጠ ማመልከቻ እንዴት ውሃ እንደሚበላው ስንቴ ነግሯታል።

«የጻፍኩት ገቢ ይደረግልኝ» አለች። «ቀንና ማህተም።»

«ልጄ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ገሊላ፤ ጠረጴዛው ፊት ቆማ ጠበቀች።