በጉልበቶቿ መሃል የነበረው ትራስ

ምንም ያላረገዘችን የሃምሳ አራት ዓመት ሴት በግራ ጎኗ አጋድሞ፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ ያስገባላት ማን ነው? ለምንስ?

ኢንስፔክተር ፋልጉኒ ማክዋና በሬሳው ራስጌ ቆማ ይህን ታስብ ነበር። ሟቿ የቤቱ ጠባቂ ጃሹ ነበረች። የቤቱ ባለቤት ዶክተር ቢፒን አሚን በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልብ ነው፣ እመቤት። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ በድን ሆና ነው ያገኘኋት። የሞት ወረቀቷን ፈርሜያለሁ። እርስዎን ማን እንደጠራዎት አልገባኝም።»

«እህቷ ናት። ልታጥባት ስትል ማጅራቷ ላይ ቁስል አገኘች።»

ፋልጉኒ ጸጉሩን ገለጥ አድርጋ አየች። እብጠቱ ዙሪያ የነበረው ደም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል፣ ያውም በጥንቃቄ። ግድግዳው ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል፤ ስልኩ ግን የለም።

ቤቱ ውስጥ የባዕዳንን ፅንስ በክፍያ የተሸከሙ ሰባት ሴቶች ነበሩ። እስኪወልዱ ድረስ ከብረት በሩ አያልፉም፤ ቁልፉም ከጃሹ ወገብ አይወርድም ነበር። ጃሹ ራሷም በወጣትነቷ እዚሁ ሁለት የሌላ ሰው ልጆች ወልዳ አስረክባለች።

ፋልጉኒ መጀመሪያ ያነጋገረችው ምላሷ አያርፍም የተባለችውን ሐንሳን ነበር።

«አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ እትዬ ፖሊስ። የካናዳ መንታ ነው የተሸከምኩት፤ ሦስት ሆነን ነው የምንመልስልዎት።»

«ትናንት ከምሳ በኋላ የት ነበራችሁ?»

«የት እንሆናለን? ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት መኝታ ነው። ሁላችንም በግራ ጎን፣ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሳህን። አንድ ትራስ ለራስ፣ አንድ ለጉልበት። በጀርባሽ ተንጋለሽ ከተገኘሽ አስታማሚዋ ሬዋ እንደ ቂጣ ታገላብጥሻለች።»

«ያማችሁ እንደሆነስ?»

«እኛ? ባለፈው ወር ጃምና አንዲት ጠብታ ደም ቢታያት አምቡላንሱ በስምንት ደቂቃ ደረሰ። አባቴ ሲሞት እንኳ ጋሪ ያጣን ሰዎች ነን።» ሳቀችና ወዲያው አቀረቀረች። «ትናንት የጃምና ሰዎች፣ የምትወልድላቸው አውስትራሊያዎቹ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሊጎበኟት ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሰን ጠብቀን ነበር። ቀሩ።»

ጃምና ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከሆዷ በቀር ሥጋ የላትም። እጇ አንጓ ላይ የጥፍር ጭረት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድመት ናት።»

«እዚህ ቤት ድመት አላየሁም።»

ጃምና ዓይኗን ከብረት በሩ አልነቀለችም። «ልጄ መንግሥት ሆስፒታል ተኝታለች፣ እትዬ። ቴጃል ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። የትንኝ ትኩሳት ነው አሉ። አራት ቀኗ። ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው።»

ሬዋ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ እጆቿ ሥራ የማይፈቱ ሴት ነበረች። ስትጠየቅም አንሶላ ታጥፍ ነበር።

«አንቺ ነሽ ያስተኛሻት?»

«ሰው ማስተኛት ሥራዬ ነው፣ ልጄ» አለችና ያጠፈችውን አንሶላ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

ፋልጉኒ ግቢው ውስጥ መኪና የሚያጥበውን የዶክተሩን ክሊኒክ ሾፌር ጥቂት ነገር ጠየቀችው። ከዚያ ሁሉንም አልጋዎቹ ወዳሉበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። እንግሊዝ አገር ስድስት ዓመት ስትማር እውነት ሲገለጥ ሰው ነጻ እንደሚወጣ ታምን ነበር። ከተመለሰች ወዲህ ግን እርግጠኛ አይደለችም።

«ጃሹ የሞተችው አልጋዋ ላይ ነው» አለች። «የወደቀችው ግን ብረት በሩ ሥር ነው። በረንዳው በሙሉ አቧራ ነው፤ የበሩ ድንጋይ ብቻ ታጥቧል። ከዚያ በአንሶላ ተጎትታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ተረከዟ ላይ የበረንዳው አቧራ አለ።»

«ታዲያ ገድለው ደበቋት!» አሉ ዶክተሩ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ግን ሬሳ የሚደብቅ ሰው ለሬሳው ጉልበት አያስብም። ትራሱን ያስገባላት ሰው እንዲመቻት ፈልጓል፤ በሕይወት እንዳለች ያውቅ ነበር። እዚህ ቤት ደግሞ ሰውን መንከባከብ ማለት በግራ ጎን ማስተኛት ነው። ሬዋ፣ እጅሽ ሌላ አያውቅም።»

ሬዋ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ትተነፍስ ነበር። ውሃ ጠይቃኛለች፣ ልጄ።»

«በሕይወት ካለች እርዳታ መጥራታችሁ አይቀርም። ስልኳስ የት ሄደ?»

«ለሥራ ስለሚያስፈልግ ወስጄዋለሁ» አሉ ዶክተሩ፤ ከኪሳቸው አውጥተውም ሰጧት። «ይመልከቱት። ምንም የለበትም።»

«አጥፍተውት ነዋ!» ሐንሳ ብድግ አለች። «ሬዋ ፊደል አታውቅም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምቡላንስ የሚያዝልን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደውለን አላነሱም። ‹እትዬ ጃሹ ወድቀዋል፤ ይተነፍሳሉ፤ ቶሎ ይምጡ› ብዬ ላክሁ። ሰባት ሰዓት ከአርባ ነበር።»

«ቀዶ ጥገና ላይ ነበርኩ። ስልኬ እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነበር።»

«ዝግ ከነበረ» አለች ፋልጉኒ፣ «ለስምንት አሥር ጉዳይ ላይ በዚያው ስልክ ለሾፌሩ ማን ደወለለት? ‹እንግዶቹን እንዳታመጣ፣ ቤቱ ኩፍኝ ገብቶበታል› ያለው ማን ነው?» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ኩፍኝ የያዛት አለች?»

«ማን ይፈቅድልናል?» አለች ሐንሳ።

«መልእክቱ በደረሰዎት በአሥር ደቂቃ ጉብኝቱን ሰረዙ። እንግዶቹ የተፈነከተች ሴት እንዳያዩ ያንን አደረጉ። አምቡላንስ ለመጥራት ግን ሦስት ሰዓት እንኳ አልበቃዎትም። ጃሹ የማንንም ልጅ አልተሸከመችማ።»

ዶክተሩ ፊታቸው ቀላ። «የገፋት ሰው አለ አይደል? እሱን ለምን አትጠይቂም?» «እርስዎ» ማለቱ ቀርቷል።

«እኔ ነኝ» አለች ጃምና። «ቁልፉን ያዝኩ፤ እትዬ ጃሹም እጄን ያዙ። ስንታገል ወደቁ። ልጄን አይቼ ልመለስ ነበር።» ወደ ሬዋ ዞረች። «የወደቅሁት እኔ ነኝ ብለን ብንጽፍላቸው ኖሮ ይመጡ ነበር። አላሰብነውም።»

ሬዋ አፏን በአንሶላው ሸፈነች።

ፋልጉኒ ቁልፉን ከጃሹ ወገብ ፈትታ መጣች።

«አንቺ የትንባሆ ለቃሚ ልጅ!» ጮኹ ዶክተሩ። «ውል አለ! ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ከዚህ በር አትወጣም!»

«እናቴን ያውቋታል ማለት ነው፤ ደስ ይላታል። ይህቺ ሴት ከአሁን ጀምሮ እስረኛዬ ናት፤ የምትሄደው እኔ ወደምወስዳት ነው። እርስዎም ከኮንስታብሉ ጋር ይከተሉናል።»

ጃምና ከቤቱ የምትወጣበት ሌላ መንገድ ፋልጉኒ አላገኘችም። ዶክተሩ ከራት በፊት በዋስ እንደሚወጡ፣ ጃምና ግን እንደማትወጣ ታውቃለች። መኪናውን በሆስፒታሉ በኩል አስዞረች።

ቴጃል ተኝታ ነበር። ጃምና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ቀስ ብላ በግራ ጎኗ አዞረቻትና ትራስ አንስታ በትንንሽ ጉልበቶቿ መሃል አስገባች። ከዚያ ያደረገችውን አየችና ትራሱን መልሳ ነጠቀች።

«እትዬ፣ ለአውስትራሊያዋ ሴትዮ ጻፊልኝ።»

ቁጥሩ በጃሹ ስልክ ውስጥ ነበር። «ምን ልበልልሽ?»

«ልጁ ደህና ነው፣ ይራገጣል በያት። የምወልደው እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ያኔም ትፈልገዋለች? ወይስ ትተወዋለች? ይህንን ብቻ ጠይቂልኝ።»

ፋልጉኒ በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ አንብባ ላከችው።

«መለሰች?» አለች ጃምና፣ የልጇን እጅ እንደያዘች።

«ገና ነው።»

መኪናው ውስጥም ጠየቀች። የጣቢያው ክፍል ሲቆለፍባትም በፍርግርጉ በኩል ጠየቀች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ወንድ ልጅ በተገላገለች ማግስት፣ ፋልጉኒ ልታያት መጥታ ገና ደጃፉን ሳታልፍ፣ የጠየቀቻት ይህንኑ ነበር።

«መለሰች?»