ዕድሜ የጠጣው ጋን

በዘምባር ምድር የክረምቱ ዝናብ ገና ሳያባራ የግራንዛ ተራራ ጢስ ተፋ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ከአንዲት ጎጆ ጣሪያ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ በተራራው ግርጌ ያሉ ምንጮች ፈሉ። ውኃ ሊጠጡ የወረዱ ከብቶች አፋቸው ተለብልቦ እያጓሩ ተመለሱ። ወፎች ጫጩቶቻቸውን ጥለው ወደ ምሥራቅ ነጐዱ። ሽማግሌዎች ይህን ባዩ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ምድር ደፉ። ትርጉሙ የጠፋው ሰው አልነበረም፤ በተራራው ሆድ ውስጥ የተኛው ዘንዶ ኡርማት እየተገላበጠ ነው።

ኡርማትን ሰይፍ አይበሳውም፤ ጸሎት አይገታውም። የሚያስተኛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በባሉጥ እንጨት በርሜል የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል የከረመ አረቂ። የዘምባር ነገሥታት ይህን አረቂ በቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ሲያስከርሙ ኖረዋል። ዘንዶው በተንቀሳቀሰ ጊዜ በአፉ ይፈስስለታል፤ እርሱም ለአንድ ትውልድ መልሶ ያሸልባል።

ንጉሥ ዳግማዝ በርሜሉ ይከፈት ዘንድ አዘዘ። የበርሜሉ ጠባቂ ሜራን ውታፉን ነቅሎ በርሜሉን አዘነበለው። የወጣው ጠብታ አንድ ጣት እንኳ አላረጠበም።

መኳንንቱ እርስ በርስ ላለመተያየት አንገታቸውን ደፉ። ማን እንደ ጠጣው ያውቃሉና። በየበዓሉና በየሠርጉ «ለቅምሻ ያህል» እየተባለ፣ በብርሌ በብርሌ እየተቀዳ፣ በገዛ ጉሮሯቸው ነው የወረደው። ሜራን እጅ ነሥቶ «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ እኮ የዘንዶው ነው» ባለ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ያውካካ ነበር። ዛሬ ግን የሳቀ የለም። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣና ጣቱን ወደ ሜራን ቀሰረ።

«ሌባው ይኸው!» አለ። «በሰንሰለት እሰሩት!»

ሜራን አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ዛኒት ትባላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር አረቂ እያወጣች ያደገች፣ ስትናገር አንገቷን ዘንበል የምታደርግ፣ ሲከፋት ግን ማንንም ቀና ብላ የምታይ ልጅ ናት። አባቷ መታሰሩን በሰማች ጊዜ እጇን ሳትታጠብ፣ የምድጃው ጥላሸት ከፊቷ ሳይጠፋ፣ ዘበኞቹን ገፍታ አዳራሹ ገባች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አባቴን ማሰር ዘንዶውን አያስተኛውም» አለች። «እኔ ላስተኛው። በምላሹ አባቴን ይፍቱልኝ፤ ስሙንም ይመልሱለት።»

ንጉሡ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስኮቱ ምድሪቱ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ይርገፈገፍ ነበር። በመጨረሻ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ «በዘውዴ እምላለሁ፤ ኡርማት የተኛ ዕለት ሜራን ነፃ ነው» አለ። ስለ ስሙ ግን ምንም አላለም።

ዛኒት ዳግም አረቂ፣ ማለትም ሁለቴ የወጣውን ጠንካራ አረቂ፣ በጋን ሞላች። የጠፋው እንጨቱ ነበር። አሮጌው በርሜል ያለውን ሁሉ ሰጥቶ የጨረሰ፣ የተሰነጣጠቀ ደረቅ ጣውላ ሆኗል። የዘምባር ባሉጦች ደግሞ ለቤተ መንግሥቱ ወለል ተቆርጠው አልቀዋል፤ ወለሉም በሰምና በቀለም ተበላሽቷል። በትናንሽ ማሰሮዎች ሌላ እንጨት ሞከረች። ጥዱ አረቂውን እንደ ሙጫ መራራ አደረገው። ወይራው ጢስ ጢስ አሰኘው። ዋንዛው ቀለም ሰጠና መዓዛ ከለከለ። እጮኛዋ ሐምራስ፣ በርሜል ሠሪ ነበርና፣ እያንዳንዱን ቀምሶ ምራቁን ተፋ።

«ባሉጥ የሚያህል የለም» አለ። «ከሸለቆው ማዶ፣ በኩርሚት አገር አንዲት ዛፍ ቀርታለች ይባላል። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

መንገዱን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በልጅነቱ አረቂው ለዘንዶው ሲፈስስ ያየው ሽማግሌው ጦረኛ፣ አዝማች ድማህ። ጉልበቱን እያሻሸ መጣና ጋኑን በበቅሎ ላይ በገዛ እጁ ጫነ። «እኔ ለአልጋ ሞት አልተፈጠርኩም» አለ። «ተነሡ ልጆቼ!»

ጉም የለበሰውን ሸለቆ አቋርጠው ከባሉጧ ሥር ደረሱ። በዛፏ ግንድ ላይ ተደግፋ ኩርሚት ተቀምጣ ነበር፤ ቆዳዋ ቅርፊት፣ ፀጉሯ ሽበት ያይደለ የደረቀ ሣር የሆነ፣ ከመንግሥቱ በፊት የነበረች ፍጥረት። ሐምራስ የያዘውን መጥረቢያ ሲያይ እሷም አየችው።

«ልጆቼን ቆርጣችሁ ወለል አደረጋችኋቸው» አለች። «ይችን አትነኳትም። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ያውላችሁ፤ እሱን ውሰዱ።»

ሐምራስ ቅርንጫፉን አንሥቶ ፊቱ ጠቆረ። «ከዚህ በርሜል አይወጣም፤ አንድ ጣውላ እንኳ አይወጣውም።»

«በርሜል ለምን አስፈለገን?» አለች ዛኒት። «በርሜል አረቂውን የሚነካው በዳር በዳሩ ነው። ስንጥር ግን መሐሉ ገብቶ በሁሉም ጎኑ ይነካዋል። ሰንጥቅልኝ።»

ሐምራስ ሰነጠቀ፤ ዛኒት ስንጥሮቹን በፍም ላይ እያገላበጠች፣ ከሰል ሳይሆኑ የዳቦ ቅርፊት እስኪመስሉ ለበለበቻቸውና ጋኑ ውስጥ ጨመረቻቸው። ኩርሚት ሥራዋን ስታይ ቆይታ ነበር።

«እንጨት ቀለምና መዓዛ ይሰጥሻል» አለች። «ዕድሜን ግን አይሰጥሽም። ዕድሜ የሚገኘው ከባለ ዕድሜ ነው። በዘንዶው ዋሻ፣ በትንፋሹ ውስጥ ጋኑን አቅፎ "የእኔን ውሰድ" ያለ ሰው፣ የሰጠውን ያህል አረቂው ይከርማል። የሰጠውን ግን መልሶ አያገኝም።»

ዛኒት አፏን ሳትከፍት ሐምራስ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«በዚህች ዛፍ ፊት እምላለሁ!» አለ፤ ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። «ጋኑን የማቅፈው እኔ ነኝ። ከአንቺ ራስ አንዲት ፀጉር እንኳ አትሸብትም!»

ዛኒት አለቀሰች። ከዚያ ቀን የበለጠ ወድዳው አታውቅም። አዝማች ድማህ ግን ወደ በቅሎዋ ዞሮ መጫኛውን ጠበቅ አደረገ፤ ብዙ መሐላ የሰማ ሰው ነውና።

ወደ ግራንዛ ሲወጡ አረቂው በበቅሎዋ ጀርባ እየተናጠ ቀለም ያዘ። በሁለት ቋጥኞች መሐል ካለው ጠባብ በር ሲደርሱ የአመድ ተኩላዎች ከበቧቸው፤ ከዘንዶው ጢስ የሚወለዱ፣ ሲወጓቸው የሚበተኑና መልሰው የሚገጥሙ አውሬዎች ናቸው። አንዱ ወደ ጋኑ ዘለለ። አዝማች ድማህ በደረቱ ተቀበለው።

«ሂዱ!» ብሎ ጮኸ። «ጋኑ ከተሰበረ ሞቴ ከንቱ ነው!»

«አባባ፣ ትተንዎት አንሄድም!» አለች ዛኒት።

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲናገር ይሰማል! ሂጂ ብያለሁ!»

ጋሻውን በጠባቡ በር ላይ እንደ መዝጊያ ተክሎ ቆመ። በቅሎዋን እየጎተቱ ሲሸሹ ፉከራው ተከተላቸው፤ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የወደቁ ጓደኞቹን ስም ይጠራ ነበር። ከአንዱ ስም መሐል ላይ ድምፁ ተቋረጠ።

ዋሻው ውስጥ የኡርማት ትንፋሽ እንደ ምድጃ ይጋረፍ ነበር። አንዱ ዓይኑ ተገልጧል፤ ገና አላየም እንጂ ተገልጧል። ዛኒት ከጋኑ በጣቷ ነክራ ቀመሰች። ወርቅ መስሏል፤ ማርና ጢስ ይሸታል። ግን ምላሷን ነደፋት። ቀለሙ ሽማግሌ፣ ጠባዩ ጎረምሳ ነበር።

«አልበሰለም» አለች፤ ወደ ሐምራስም ዞረች።

ሐምራስ ቀረበ። ጋኑን አቀፈ። «የእኔን...» ብሎ ጀመረ። የእጆቹ ቆዳ በዓይኑ ፊት እንደ ደረቀ ቅጠል ሲጨማደድ አየ፤ ጮኾም ወደ ኋላ ተወረወረ። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ከዋሻው ግድግዳ ተለጠፈ።

«አልችልም» አለ። «ዛኒት፣ አልችልም። አትይኝ።»

አላየችውም። ልትሰድበው የምትችልበት ቃል ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ ግን ዘንዶው ዓይኑን ወደ እነርሱ እያዞረ ነው፤ ቃል የሚባክንበት ጊዜ አልነበረም። ጋኑን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቀፈችው።

«የእኔን ውሰድ» አለች።

መጀመሪያ ጉልበቷ ላላ። ከዚያ ጥርሶቿ በአፏ ውስጥ ተነቃነቁ። የሠርጓ ዕለት አጠገቧ ደርሶ አለፈ፤ የልጆቿ ክብደት ክንዷ ላይ አርፎ ተነሣ፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። ያልኖረቻቸው ክረምቶች አንድ በአንድ በጣቶቿ በኩል ወደ ጋኑ ፈሰሱ። መልቀቅ ትችል ነበር። አባቷን አሰበችና ጨምቃ ያዘች። የአረቂው ሽታ ሲለሰልስ፣ ሲሰፋ፣ ዋሻውን ሲሞላ ብቻ እጇን ፈታች።

ጋኑን ለማንሣት አቅም አልነበራትም። ሐምራስ እያለቀሰ አነሣላት፤ አንድ ላይ ሆነው በኡርማት አፍ አፈሰሱት። ዘንዶው ዋጠ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ዓይኑ ቀስ ብሎ ተከደነ፤ ተራራውም ዝም አለ።

ሲመለሱ ተኩላዎቹ ከጢሱ ጋር ጠፍተው ነበር፤ በጠባቡ በር የአዝማች ድማህን አስከሬን በድንጋይ ሸፈኑት። ቁልቁለቱ ላይ ዛኒት አዳለጣት፤ ሐምራስ ክንዷን ያዝ አደረገና፣ «ይጠንቀቁ» አላት።

ቀጥ ብላ ቆመች። «ምን አልክ?»

ሐምራስ ያለውን ያን ጊዜ ሰማው። «አንቺ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ነጭ ፀጉር፣ ከዚያ የተሸበሸበ ፊት ጋር ቃሉ አልገጥም አለው። ከተማው በር ላይ ሲደርሱ የበቅሎዋን ልጓም አስጨበጣትና ወደ ሌላ መንገድ ሄደ። አልጠራችውም።

በአዳራሹ ድግስ ተደግሶ ነበር። አዝማሪዎቹ የንጉሡ ጸሎት ዘንዶውን እንዴት እንዳስተኛ ያወርዱታል። ዳግማዝ አሮጊቷን በትኩረት ተመለከታት፤ ማን እንደ ሆነች ሲነገረውም ለአፍታ ብርሌውን አስቀመጠ።

«ከአረቂው የተረፈ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ስንጥሩ ብቻ ቀርቷል።»

«እንግዲያው ለምድር ቤቱ ይሰጥ። አዲስ አረቂ ይፈስስበታል።»

«እንጨቱ ያለውን ሰጥቶ ጨርሷል፣ ንጉሥ ሆይ» አለች። «እኔም እንዲሁ። አባቴን ይፍቱልኝ።»

ሜራን ከወህኒው ሲወጣ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው በእጁ ጋረዳት። ጺሙ አድጓል፤ ከጺሙ መሐል ግን ገና ጥቁሩ ይበዛል። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳለ አንዲት አሮጊት በቅሎ እየሳበች ስትመጣ አየና ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላት።

«ይቀመጡ እማማ፤ ደክመዋል» አለ። «ከግራንዛ የሚመጣ ሰው አለ ብለውኝ ነበር። ምናልባት ልጄን አይተዋት ይሆን? ዛኒት ትባላለች። ወጣት ናት፤ ስትናገር አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች።»

ዛኒት መዋሸት አሰበች። ደኅና ናት፣ ሩቅ አገር አግብታ ቀረች ብትለው ተስፋ ይዞ ይኖር ነበር። አንገቷ ግን ሳታዝዘው ዘንበል አለ።

«አባባ» አለች።

ሜራን የዘነበለውን አንገቷን አይቶ ዐወቃት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ዛኒት ከእግሩ ሥር ተቀመጠች፤ ነጩን ራሷንም ጭኑ ላይ አሳረፈች። መንገደኞች ቆም እያሉ አዩአቸው፤ ልጅ እናቱን የሚያባብል መስሏቸው «እግዜር ይባርክህ» እያሉት አለፉ።