አሥራ ሁለቱ የትናንት ደብተሮች

ወንድሜን ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረን ወደ ቤት ልንሄድ ብዬ ወደሚያስተምርበት ክፍል ስገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱን በብረት ተመቷል። ቀይ እስክሪብቶው እጁ ውስጥ ነው፤ አሥራ ሁለት ደብተሮች አጠገቡ ተቆልለዋል። ለጎልማሶች የእንግሊዝኛን ያለፈ ጊዜ የሚያስተምረው እንዲህ ነበር፦ ሁሉም የትናንት ውሎውን ይጽፋል፣ እሱ ያያል።

መርማሪዋ ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ ዳይሬክተሯን ጠየቀች።

«ክፍሉ ያለቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለች ዳይሬክተሯ። «አሥራ ሁለቱም ታርመዋል፤ ያ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እስከ አሥር ተኩል በሕይወት ነበር ማለት ነው። እኔና የጎረቤት ክፍሉ መምህር ደግሞ ከአሥር ከሩብ እስከ አሥራ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርን።»

ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር፤ ልብስ ሰፊው።

«ማርክ ቀነሰብኝ ብዬ ጮኼበታለሁ፣ አልክድም» አለ፣ እጁ በካቴና ታስሮ። «ግን እመቤቴ፣ እኔ ከመርፌ ሌላ ብረት አላውቅም።»

ኮሌታውን አነቅሁት። «የደሙን ዋጋ ትከፍላለህ!»

የጎረቤት ክፍሉ መምህር ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ የእጁን ያገኛል።»

መርማሪዋ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ስትገልጥ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምሽ ሲያርም እንዴት ነበር?»

«ከስህተቱ ሥር ያሰምራል እንጂ አይጽፍም። ‹ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያላገኘው ቃል አያድርበትም› ይላል።»

በማግስቱ ሁላችንንም እዚያው ክፍል ሰበሰበችን።

«ሰባቱ ደብተሮች ተሰምሮባቸዋል፣ ሌላ የለባቸውም» አለች። «አምስቱ ላይ ግን ከመስመሩ በላይ ትክክለኛው ቃል ተጽፏል። ሟች ሰባተኛው ላይ እያለ ተመቷል። ገዳዩ የቀሩትን ጨርሶ እስክሪብቶውን እጁ ውስጥ ከተተ፤ ሟች በስብሰባው ሰዓት በሕይወት እንደነበረ እንዲመስል።»

«ማን?» አልኩ።

«ልብስ ሰፊው የራሱን ስህተት እንኳ ማረም አይችልም፤ ደብተሩ ይመሰክራል። ዳይሬክተሯስ?»

«እኔ እንግሊዝኛ ከሰላምታ አያልፍልኝም፤ ሥራዬ አስተዳደር ነው፤ መምህራኑ ሁሉ ያውቃሉ» አለች ዳይሬክተሯ።

«ስለዚህ የቀረው ስህተት አይቶ ማለፍ የማይችል የመምህር እጅ ነው» አለች መርማሪዋ። «ማስመር ብቻ በቂ ነበር፤ ልማድ አሸነፈህ።»

ሁላችንም ወደ ጎረቤት ክፍሉ መምህር ዞርን። አልካደም።

«አምና እሱ ዘንድ ሲማር፣ ልጄን ኮረጅክ ብሎ ወረቀቱን በሰው ፊት ቀደደበት» አለ። «ልጄ በዚያው ከቤት ወጣ። ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። እሱ ግን በየቀኑ በክፍሌ በር እየሳቀ ያልፋል! ምን ላድርግ?»

የልብስ ሰፊውን ካቴና ፈቱለት። ይቅርታ ልለው ስጠጋ፣ የእጁን አንጓ እያሻሸ አልፎኝ ወጣ።

መምህሩን ሲወስዱት በሩ ላይ ቆምኩበት። መርማሪዋ አልከለከለችኝም።

«ልጅህን እፈልገዋለሁ» አልኩት። «ካለበት አገኘዋለሁ።»

ዓይኑ በራ። «እባክሽ እህቴ… ካገኘሽው…»

«ካገኘሁት፣ አባቱ ምን እንደሠራ ከእኔ አፍ ይሰማል።»

ያኔ ነው በታሰረ እጁ ፊቱን የሸፈነው።