ብረት የሌለበት ፕላን

«እሺ፣ ብረቱስ የት ነው የሚተኛው?» አለች ሚሊ።

አባቷና ጋሼ ሽቦ ቀና አላሉም። ባዶው አዳራሽ መሃል በተገለበጡ ሁለት በርሜሎች ላይ ሳንቃ አጋድመው፣ የተዘረጋውን ነጭ ካርቶን አጎንብሰው እያዩ ነበር። ካርቶኑ ላይ አዲሱ የብየዳ ቤታቸው አለ፤ ግድግዳው፣ የመንገዱ በር፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣው ትንሹ በር። ሚሊ ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ስትለካና ስታሰምር የከረመችበት ነው። ዕቃዎቹንም ከደብተር ልባስ እየቆረጠች ሠርታቸዋለች፤ ጠረጴዛው፣ መብሻው፣ መቁረጫው፣ መበየጃው። ሁለቱ ሰዎች ወዲያ ወዲህ እየገፉ ቦታ ቦታቸውን ሲያስይዙ ዋሉ።

«የምን ብረት?» አለ አባቷ።

«የምትበይደው ብረት ነዋ።»

ጋሼ ሽቦ ሳቁ አመለጠው። «ጉድ እኮ ነው። ሁለት በያጅ የብየዳ ቤት ሲያቅድ ብረቱን ረሳው። ሠርግ ደግሶ ሙሽራዋን እንደመርሳት።»

ጋሼ ሽቦ የአባቷ የድሮ ባልደረባ፣ አሁን ደግሞ ሸሪኩ ነው። በአንድ አሠሪ ሥር አብረው ሃያ ዓመት በይደዋል። ሽቦ ያሉት በቅጥነቱ ነው። ሚሊን ሚሊ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የሣሉትን ሦስት ማዕዘን «አንድ ሚሊሜትር ይጎድለዋል» ካለች ወዲህ። ሙድ ሊይዙባት ነበር፤ እሷ ወደደችው።

ማስመሪያዋን አነሳች። በፕላኑ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ማለት መሬት ላይ ሃያ ሴንቲሜትር ነው። ከመደብር የሚመጣው ቱቦላሬ የሚሉት ብረት ሁሉ ስድስት ሜትር ነው፤ በፕላኑ ሲሰላ ሠላሳ ሴንቲሜትር፣ ልክ የማስመሪያዋን ያህል።

በግራው ግድግዳ አስጠግታ አጋደመችው። አልገባም። ግድግዳው ሰባት ሜትር ነው፤ ግን በመንገዱ በር በኩል ያለውን ጥግ ቢሮው ይዞታል። ቢሮውን የሠራው አባቷ ራሱ ነው፤ ቆርጦ፣ በእጁ «ቢሮ» ብሎ ጽፎበት፣ የመስታወት መስኮቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀልሞ። በቀኙ ግድግዳ ቆጣሪውና ማሽኖቹ ተደርድረዋል። ማስመሪያው የገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በኋለኛው ግድግዳ፣ የጓሮውን በር ዘግቶ።

«እንግዲህ እዚያ ይተኛላ። እዳው ገብስ ነው» አለ አባቷ።

«በሩስ?»

«በሩን ማን ይፈልገዋል? ጓሮ ምን አለን?»

«የፈቃዱ ቅጽ ላይ ሁለተኛ መውጫ ይላል። ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ…»

«ስትመጣ የምታየው ባዶ ቤትና ፕላን ነው። አንቺ በሩን ክፍት አድርገሽ ሣይ። ብረት ዕቃ ነው፤ ዛሬ ገብቶ ነገ ይወጣል። ፕላን ላይ አይሣልም።»

«ብረቱን ቆርጠን ብናስቀምጠውስ?»

«በቆረጥሽው ማግስት ሙሉውን የሚፈልግ ደንበኛ ይመጣል» አለ ጋሼ ሽቦ።

«ቢሮው ቢቀርስ?»

አባቷ አሁን ቀና አለ።

«ሃያ ዓመት ቆሜ በየድኩ» አለ። «ያ ሰውዬ መስታወት ቢሮው ውስጥ እግሩን ሰቅሎ እያየኝ፣ ሃያ ዓመት። አሁን በገዛ ቤቴም ቆመህ ኑር ልትይኝ ነው?»

«እንደሱ አላልኩም፣ አባዬ።»

«በይ ሣይ። ችክ አትበይ።»

ጋሼ ሽቦ ነገሩን ሊያበርደው ወደ ጨዋታ ገባ። ሚሊ ጨዋታውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይነገራል። በድሮው አሠሪያቸው ቤት የጋዙ ጎማ እሳት የያዘ ቀን፣ እሳቱ የመንገዱን በር ዘግቶ፣ ሁለቱም በመስኮት ያመለጡበት።

«አባትሽ ግማሽ አካሉ ወጥቷል፣ ቀበቶው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ እሱ ‹ሱሪዬን፣ ሱሪዬን› ይላል። ሰው ነፍሱን ያድናል፣ እሱ ሱሪውን።»

ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ሚሊ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ዛሬ ዓይኗ ማስመሪያው ላይ ነበር።

«ለምን በመስኮት?» አለች።

«እንዴት ለምን?»

«የጓሮ በር አልነበረም?»

የጋሼ ሽቦ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አባቷን አየው። «ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ?»

«ብረት ተደርድሮበት ነበር።»

አባቷ ያን አሠሪ ስንት ዓመት ሲረግመው ሰምታለች። ማታ ማታ እግሩን እየታጠበ፣ «ለብረቱ ማደሪያ አለው፣ ለእኛ መውጫ የለውም» ይል ነበር። በዚያው አፉ አሁን «በሩን ማን ይፈልገዋል» አለ። ሚሊ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ያ ሌላ ነው» አለ አባቷ፣ ሳያያት። «ጥፋቱ የጎማው ነው።» ጃኬቱን አንጠለጠለ። «የመብራት ገመዱን ገዝተን እስክንመለስ በቀለም አልቆ እንድናገኘው።»

ጋሼ ሽቦ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ የጓሮውን በር አየ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አላቀቀና ሆድ ይፍጀው ብሎ ተከተለው።

ሚሊ በእሱም ተናደደች። መበየጃው ያለው ከኋላ፣ የጓሮው በር ጥግ ነው፤ ቁራጩ ላይ «ሽቦ» ተብሎ ተጽፏል። አባቷ መንገዱ ዳር ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሽቦ ከተዘጋው በር አጠገብ ይበይዳል። እሳት ቢነሳ የትኛው ይወጣል? ይህን ለማወቅ ፕላን ማንበብ አያስፈልግም። ጋሼ ሽቦ ግን ይህን እያወቀ ሄደ።

ብረቱን ትታ በሩን ክፍት አድርጋ ብትሥለው ማንም አያውቅባትም። መስመሩ ንጹሕ ይሆናል፤ ተቆጣጣሪዋም «ጎበዝ፣ ማን ሣለው?» ትል ይሆናል። ሚሊ ያን ጊዜ ምን እንደምትመልስ አሰበች። «እኔ» ነው የምትለው። ሌላ መልስ የለውም።

ሄዳ የጓሮውን በር ገፋችው። የዛገው ማጠፊያ ሲጢጥ አለና ተከፈተ፤ ነፋስ ገባ፣ ወለሉ ላይ የነበረው አቧራ ተነሳ። ክፍቱን ትታው ተመለሰች።

ቢሮውን ከካርቶኑ ላይ አነሳችው። ሰማያዊው መስኮት ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል፤ አባቷ መቀለም አይሆንለትም። ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፤ ሳይቆጣ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ እንደሆነ ታውቃለች። ቁራጩን ሳታጥፈው ደብተሯ ውስጥ አስገባችው።

ማስመሪያውን በግራው ግድግዳ አጋደመችው። ገባ። በእርሳስ ሳይሆን በቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር አሰመረችና «ብረት፣ 6 ሜትር» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ የጓሮውን በር ክፍት አድርጋ ሣለችው።

ከብረቱ ጫፍ እስከ መንገዱ በር አምስት ሴንቲሜትር ተረፈ። አንድ ሜትር። ለቢሮ አይበቃም። ጥቂት አየችውና እስክሪብቶውን እንደገና አነሳች። መጀመሪያ አራት እግር፣ ከዚያ መቀመጫ፣ ከዚያ መደገፊያ ሣለች።

ከውጭ የሁለት ሰዎች ኮቴ ተሰማ።

«ሚሊ፣ ጨረስሽ?» አለ አባቷ ከመንገዱ።

ቀለሙን እፍ አለችበት። እጇን ከካርቶኑ ላይ አነሳች።

«ጨርሻለሁ። ና እየው።»