የታጠበ ግራዋ

ሽማግሌው አይጥ ጠባቂ ማዚ ኡዴዜ በምርምር ጣቢያው የሙከራ አይጦች ማደሪያ ወለል ላይ ሞቶ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የካሳቫ ገንፎና የግራዋ ወጥ የያዘ ሳህን ነበር። ከሰሜን የመጣው የበረሃ አቧራ ፀሐይዋን ስለሸፈናት ጠዋቱ የመሸ ይመስላል። አይጦቹ ድምፅ አያሰሙም።

ኢንስፔክተር ኦዲናካ ስትደርስ ፖሊሶቹ ገዳዩን ይዘናል ይላሉ። ከወጡ የለቀመች ዶሮ ወዲያው ሞታለች፤ ወጡን የሠራችው ደግሞ የምርምር ጣቢያው ወጥ ቤት ኦቢያጌሊ ናት። ሴትዮዋ እጇን ታስራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማዳም፣ እሰሩኝ። ግን መጀመሪያ ልጄን ልያት።»

«ልጅሽ ምን ሆነች?»

«አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ መግል ቋጥሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ዶክተር አኒዞባ የጀርም መግደያው መርፌ ይቁም፣ የኔ ቅጠል ይበቃታል ብለው አስቆሙት። ትናንት ግን ማዚ ጠራኝና ‹መርፌውን አስቀጥይ፣ ምክንያቱን ነገ እነግርሻለሁ› አለኝ። ይኸው ሳይነግረኝ ሞተ። እኔም ታሰርኩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ።»

ኦዲናካ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሽማግሌውን ቀኝ እጅ አነሳች፤ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ የጣቢያውን ኃላፊ ዶክተር አኒዞባን አስጠራች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጀርም ሲገባ የታይሮይድን ዕጢ የሚያበላሸው ጀርሙ ብቻ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «ሰውነት ሲዋጋ የሚለቀው እሳት ዕጢውንም ይለበልበዋል። ግራዋ ውስጥ ያለው ነገር ያንን እሳት ያበርዳል።»

«ጀርሙንስ ይገድለዋል?»

«አይጦቼን ይጠይቁ። ከሁለት ወር በፊት የሁሉንም የጆሮ ጫፍ ቆርጠን ምልክት አደረግንባቸው። ታመሙ፤ ቅጠል ብቻ የሰጠናቸው ይኸው ቆመዋል።»

«ማዚን ማን ገደለው ይላሉ?»

«ምን ያጠያይቃል? ግራዋ መራራ ነው። መርዝ ቢጨመርበት ምላስ አይለየውም። ሴትዮዋ ብልህ ናት።»

ቀጥሎ ዱቤም የሚባለው የጣቢያው ረዳት ገባ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«የኦቢያጌሊ ወጥ ይመራል?»

«ይመራል? ኧረ ሰምታሽ እንዳትቀየምሽ! መራራው አረፋ እስኪጠፋ ቅጠሉን ሰባት ውሃ ነው የምታጥበው። የእናቴ ወጥ አንድ ቀን ቢመር አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ‹የዛሬው ክኒን ተቀቀለ ወይ?› እያለ ሲያበግናት ነበር።»

«ማዚ በማንኪያ ይበላ ነበር?»

ዱቤም በልቅሶው መሃል ሳቅ አመለጠው። «ማዚ? ማንኪያ ለበሽተኛ ነው የሚል ሰው!»

«ጥሬውን የግራዋ ጭማቂስ ይጠጣ ነበር?»

«እሱን ጠዋት ጠዋት አንድ ኩባያ ይጠጣል። ዶክተሩ ከሚጨምቁት ነው። ‹ሽማግሌ እንዳይዝግ› ይላል። ዛሬ ግን የንኩዎ ቀን ስለሆነ እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ማን እንደቀዳለት አላየሁም።»

ኦዲናካ ድስቱን አስመጣች። ከቀዩ የዘንባባ ዘይት ሥር ያለው ውሃ እንደ ለጋ ሣር አረንጓዴ ነበር። አንድ ቅጠል በማንኪያ አውጥታ በንጹሕ ውሃ ውስጥ በእንጨት አሸችው። ጠቁሮ የበሰለ ቅጠል ነው፤ አረፋ አላወጣም። ከዚያ ወደ አይጦቹ ሄዳ ቅጠል ብቻ የተሰጣቸውንም የሌሎቹንም ጆሮ አንድ በአንድ ተመለከተች። ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደወለች።

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም እዚያው አይጦቹ መሃል ሰበሰበቻቸው።

«ማዚ ወጡን አልቀመሰውም» አለች። «በእጁ የሚበላ ሰው ነው። የዘንባባ ዘይት ከጥፍር ሥር በአንድ መታጠብ አይወጣም፤ የሱ ጥፍር ግን እንደ ሕፃን ጥፍር ንጹሕ ነው። ሳህኑን አጠገቡ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ ዶሮዋ?» አለ ዶክተሩ።

«እመጣለሁ። ድስቱ ውስጥ ያለው ቅጠል ታጥቦ የበሰለ ነው። ውሃው ግን ጥሬ ጭማቂ ነው። ማዚን የገደለው ጠዋት በኩባያ የጠጣው፣ መርዝ የገባበት ጭማቂ ነው። የተረፈው ድስት ውስጥ ተገለበጠ፣ ሴትዮዋ እንድትጠየቅበት።»

ኦቢያጌሊ ቀና አለች። «ወጤን አመረረው?»

«አመረረው። እዚህ አገር የመረረ የግራዋ ወጥ ማንም አይጨርሰውም፤ ሕፃንም ይተፋዋል። መርዝ በወጥ ምሬት ይደበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ቅጠሉን በጠርሙስ እንጂ በሳህን የማያውቅ መሆን አለበት። ዱቤም ያውቀዋል። ኦቢያጌሊ ታውቀዋለች። አንተ ግን ዶክተር፣ በገዛ አፍህ ነገርከኝ።»

«ቅዠት ነው» አለ አኒዞባ። «እኔ የአይጥ ጠባቂ የምገድለው ለምንድን ነው?»

«በአይጦቹ ጆሮ ምክንያት። የሌሎቹ አይጦች የጆሮ ቁስል ድኖ ጠባሳ ሆኗል። ቅጠል ብቻ ተሰጣቸው የተባሉት ግን ቁስላቸው ገና ቅርፊት ይዟል። ሁለት ወር አይደለም፣ ሳምንትም አልሞላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሞተውብሃል። በቦታቸው ጤነኛ አስገባህ። በየቀኑ የሚያበላቸው ሰው ይህን ሳያይ ይቀራል?»

ዱቤም ከዶክተሩ አጠገብ ቀስ ብሎ ራቀ።

«ቅጠሉ ውሸት አይደለም» አለ አኒዞባ፤ ድምፁ ወርዷል። «ዕጢውን በእውነት ይጠብቀዋል። ከመርፌው ጋር የሰጠናቸው አይጦች ዕጢያቸው አልተነካም። ያንን ብጽፍ ግን ማን ዞር ብሎ ያየኛል? መርፌ አያስፈልግም ማለት ነበረብኝ።»

ኦቢያጌሊ የታሰሩ እጆቿን ይዛ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«ዶክተር፣ ቅጠል ብቻ የሰጠሃቸው በስንተኛው ቀን ሞቱ?»

አኒዞባ ፊቱን ወደ አይጦቹ አዞረ።

«ልጄ ናት። ንገረኝ።»

«በአራተኛው።»

ሴትዮዋ አራቱን የገበያ ቀናት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «መርፌው የቆመው በኤኬ ነው። ኦሪዬ። አፎ።» አራተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ ጣቷን ጨበጠችው። ዛሬ አራተኛው ቀን፣ ንኩዎ ነበር።

«መርፌውን ጠዋት አስጀምሬዋለሁ» አለች ኦዲናካ። «በጊዜው ደርሶ እንደሆነ ግን አላውቅም።»

የሴትዮዋን እጅ በራሷ ቁልፍ ፈታችና ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«እሷን አድርሳት። በፍጥነት።»

«እስረኛውስ ማዳም? ያለችን አንድ መኪና ናት።»

«እሱ ቆሞ ይጠብቃል» አለች።