ኅዳጉ ላይ ያለው የአባቷ ጽሑፍ

«ጠፍቷል» አለች ኑሀ።

መጽሐፉ ግን ትከሻዋ ላይ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ነበር። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ሪሃና በክርኗ ነካ አደረገቻት። ውሸቱን ያዘጋጀችላት እሷ ናት።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ስለ ጀጎል ሰፈሮች የሚያወራው? ያለን እኮ እሱ አንዱ ብቻ ነው። የታሪክ የቤት ሥራ ያለበት ተማሪ ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀኝ።»

«በሐዘኑ ግርግር ነው የጠፋው» አለች ሪሃና ፈጥና። «ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ኑሀ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨመቀችው። አባቷ ዐብዱናስር መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። መጽሐፉን ከተዋሰ በኋላ ጆሮው ላይ በሚሰካት እርሳስ ኅዳጉን ሞልቶታል። ‹ደረጃው ሰባት ነው እንጂ ስድስት አይደለም፤ ሄጄ ቆጥሬያለሁ።› ‹የዚህን ቤት ባለቤት ስም መጽሐፉ ረስቷል።› ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። ልብሱ ለድሆች ተሰጠ፣ ስልኩን ወንድሟ ሐምዲ ያዘው። ለእሷ የቀረው ይህ የእጅ ጽሑፍ ነው። ብትመልሰው ደግሞ አይቆይም፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል፦ «መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ በላጲስ ይጠፋል።»

እትዬ ዘይነባ መዝገቡን ገለጡ። «ዐብዱናስር... አላህ ይርሐመው። መጽሐፍ ላይ አትጻፍ ብዬ ስቆጣው፣ ‹እሺ፣ መጽሐፉም አይዋሽ› ይለኝ ነበር።» ፈገግ አሉና እስክሪብቶ አነሱ። «እንግዲህ ከስሙ ፊት ‹አልመለሰም› ብዬ መዝጋቴ ነው።»

አባቷ የሞተ ቀን፣ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ፣ አጎቷ ዑስማን በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሲጣራ ኑሀ ከውስጥ ሰምታለች፦ «ወንድሜ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ይንገረን! እኛ እንመልስለታለን!» ሐቅ አለኝ ብሎ የቀረበ ሰው አልነበረም። የቤተ መጻሕፍቱ ሐቅ የሆነው መጽሐፍ ግን ያኔ ከትራሷ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ መቀመጥም መቆምም አልሆነላትም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እግሯ አያርፍም።

«አቦ ነይ እንሂድ» አለች ሪሃና በሹክሹክታ። «አለቀ እኮ!»

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ።

«ይቆዩ!» ኑሀ ዚፑን ከፍታ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አልጠፋም። ዋሽቼዎት ነው።»

እትዬ ዘይነባ ገጾቹን ገለጡ። አንዱ የእርሳስ ጽሑፍ ላይ ቆሙ። «ወፍጮው በፈላና በር ሲገቡ በስተግራ? በስተቀኝ ነው! ወላሂ፣ ያደግኩት እዚያው ነው። እሱ ደግሞ ምን ያውቃል!»

ኑሀ ሳቅ አመለጣት። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላወቀችም።

እትዬ ዘይነባ ከመሳቢያቸው ላጲስ አወጡ። «ደንብ ነው ልጄ። ወይ አንቺ፣ ወይ እኔ።»

ኑሀ ላጲሱን አየችው። «እኔ» አለች። «ግን መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ልገልብጠው።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዘጋለሁ። ካልጨረስሽ ነገም አለ። ደብተሩን ደግሞ ታሳይኛለሽ፤ የወፍጮውን ነገር እንደዚያ አልተወውም።»

ኑሀ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሪሃና በሩ ጋ ቆማ ስልኳን አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ወንበር ጎተተችና መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ብቻሽን ዓመት ይፈጅብሻል። እኔ ላንብብልሽ። ገጽ አሥራ ሁለት፦ ‹ይህች መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም። አንዱ ሰላም ብሎ ግድግዳ ይጠጋል...›»

«ቀስ በይ» አለች ኑሀ። «አልደረስኩብሽም።»